የሰፈራችሁ ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ፦ ከአንዲት የደሴ ቅሬ ጸሐፊ

ከጦሳ ተራራ ሥር ካሉት የደሴ ሰፈሮች በአንዱ እኖራለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲጠነክር ጦሳ ያለውን ሁሉ ወደ እኛ ይለቀዋል፤ አፈሩን፣ ጠጠሩን፣ የላይ ሰፈሩን ጥራጊ። በ2012 ክረምት አንድ ሌሊት ጎርፉ አራት ጎረቤቶቼ ቤት ገብቶ አደረ። አንዲት አራስ የሃያ ቀን ልጇን ታቅፋ አልጋ ላይ እንደቆመች ነጋላት። ጥፋቱ የዝናቡ ብቻ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት ሰፈሩ ኮብልስቶን ሲነጠፍለት አብሮ የተጀመረው የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ ሰዉ ዲች የሚለው፣ መንገድ ላይ ቀርቶ ነበር። ጅምር ቦይ ጨርሶ ካልተቆፈረው ይከፋል፤ ድሮ ተበታትኖ ይወርድ የነበረውን ውሃ አንድ ላይ ሰብስቦ ካለቀበት ቦታ ይደፋዋል። እኛ ጋ ያለቀው እነዚያ ሰዎች ደጃፍ ላይ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ አሁን የሰፈራችን ቅሬ ጸሐፊ ነኝ። ሌላ አገር እድር የሚባለውን እኛ ወሎ ላይ ቅሬ እንለዋለን። ቦዩን እስክናስጨርስ ሁለት ዓመት ተኩል ፈጀብን። የጦርነቱን ወራት እንኳ ብናወጣለት፣ ከቀረው ግማሹ የባከነው አሠራሩን ባለማወቃችን ነው። ደሴም ኑሩ ታች ኮምቦልቻ፣ እኛ የተንከራተትነውን ያህል እንዳትንከራተቱ የተማርነውን ልንገራችሁ።

ጉዳዩ የማን እንደሆነ ለዩ

ጎርፉ በገባ ማግስት የሄድነው ወደ ቀበሌ ነው። ሊቀ መንበሩ ቅን ሰው ነበሩ፤ መጥተው አዩ፣ አዝነው ተመለሱ። እሳቸውን ስንጠብቅ ስድስት ሳምንት አለፈ። ቀበሌ ለቦይ የሚሆን በጀት እንደሌለው የገባን በኋላ ነው። ቀበሌ መታወቂያ ይሰጣል፣ ነዋሪ መሆናችሁን ያረጋግጣል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፋል። የድጋፍ ደብዳቤው ብዙ ይረዳል፤ ስለዚህ ከቀበሌ እሱን ጠይቁና በማግስቱ ወደ ባለ ጉዳዩ ሂዱ።

የሰፈር ውስጥ መንገድ፣ ቦይ፣ ቆሻሻ ማንሳት፣ የገበያ ቦታ፣ እነዚህ የከተማ አስተዳደሩ ሥራ ናቸው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በኮምቦልቻና በደሴ አልፎ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው ዋናው አስፋልት ግን የፌዴራል መንገድ ነው። መብራት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ እሱም ፌዴራል ነው፤ ከንቲባው ሊያዙት አይችሉም፤ ደብዳቤ ሊጽፉለት ይችላሉ እንጂ። ውሃ የራሱ የአገልግሎት ጽሕፈት ቤት አለው። ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ወደ ለዮሌ ወይም ወደ ወርቃ ወንዝ ስለሚለቀቅ የፋብሪካ ፍሳሽ የምታመለክቱ ከሆነ በሩ የአካባቢ ጥበቃ ነው። የጽዳት ክፍል ሄዳችሁ ቀን አትፍጁ።

ገንዘቡም ከሁለት አቅጣጫ እንደሚመጣ እወቁ። አንዱ ከክልሉ የሚመጣው ድጎማ ነው፤ በአብዛኛው ለደሞዝ፣ ለትምህርት፣ ለጤና ይሄዳል። ሁለተኛው ከተማው ራሱ ከሊዝ፣ ከቦታ ኪራይ፣ ከአገልግሎት ክፍያ የሚሰበስበው የማዘጋጃ ቤት ገቢ ነው፤ መንገድና ቦይ የሚሠራው በዚህ ነው። ከነዚህ ሌላ በ2010 የተጀመረውና 117 ከተሞችን ያቀፈው፣ ዓለም ባንክ ይደግፈው የነበረ የከተሞች መሠረተ ልማት ፕሮግራም ነበር፤ ደሴም ኮምቦልቻም ገብተውበት ነበር። «በጀት የለም» ሲሏችሁ «ከየትኛው?» ብላችሁ መጠየቅ የምትችሉት ይህን ስታውቁ ነው። እኔ ይህችን ቃል መጀመሪያ የጠየቅሁ ዕለት ባለሙያው ብዕሩን አስቀምጦ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

ጊዜውንም አስቡ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ጎርፍ የሚገባው ነሐሴ ላይ፣ ሰው የሚጮኸው ነሐሴ ላይ ነው፤ በጀቱ ግን ያን ጊዜ ተደልድሎ አልቋል። አዲስ ሥራ ዕቅድ ውስጥ እንዲገባላችሁ ከፈለጋችሁ ደረቁ ወራት ላይ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ጠይቁ። ጭቃውን ያያችሁት ክረምት ቢሆንም ደብዳቤው በበጋ መድረስ አለበት።

ልመና አትጻፉ፣ ጥያቄ ጻፉ

የመጀመሪያ ማመልከቻችንን የጻፍሁት እኔው ነኝ። አሁን ሳነበው ያመኛል። «የደረሰብንን ችግር ተመልክታችሁ እንደ ወላጅ እንድትደርሱልን በታላቅ ትሕትና እንለምናለን» ይላል። አጻጻፋችን እንዲህ ነው፤ ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው፣ ለጌታ አቤት የማለት አጻጻፍ ነው። ለልመና የሚሰጠው መልስ ደግሞ ርኅራኄ ነው፤ «እናያለን፣ አብሽሩ፣ በቀጣይ ይታያል» ይባላል። እንዲህ ያለ መልስ ቀን የለውም፤ ቀን የሌለው መልስ ደግሞ ተጠያቂ የለውም።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹም ወይም ተመራጭም ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንም ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት እጅ ያለን መረጃ መጠየቅ እንደሚችል፣ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት እንዳለበት ይናገራል። አንድ ሠራተኛ «ይህ አዋጅ ተሽሯል» ብሎኝ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 የተተካው የመገናኛ ብዙኃኑ ክፍል ነው፤ የመረጃ ነጻነቱ ክፍል አልተነካም። ይህን በቃላችሁ ያዙት። በተረፈ ሰው የሚጠቅሰው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የክልል ከተማ አስተዳደርን አይመለከትም፤ ደብዳቤያችሁ ላይ ብትጽፉት መልስ ላለመስጠት ምክንያት ታቀብላላችሁ።

ሁለተኛው ደብዳቤያችን እንዲህ ነበር፤ ቦታውንና ቀኑን እየቀየራችሁ ተጠቀሙበት።

«ጉዳዩ፦ ስለ ጎርፍ መውረጃ ቦይ ሥራ መረጃ ስለመጠየቅ። ስማችንና ፊርማችን ከዚህ ጋር የተያያዘው 63 አባወራዎችና እማወራዎች፣ ከላይኛው መስጊድ መታጠፊያ እስከ ድልድዩ ሊሠራ ተጀምሮ 140 ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ የቆመውን ቦይ በሚመለከት የሚከተለው በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን። 1ኛ፣ ውሉ የተፈረመበት ቀንና ሥራው ማለቅ የነበረበት ቀን። 2ኛ፣ በውሉ የተያዘው ርዝመት፣ ጥልቀትና የክዳን ብዛት። 3ኛ፣ እስካሁን የተከፈለው ገንዘብና የተከፈለበት የሥራ መጠን። 4ኛ፣ ጊዜያዊ ርክክብ ተደርጎ ከሆነ ቀኑ። 5ኛ፣ ሥራው የሚቀጥልበት ቀንና የሚከታተለው የሥራ ክፍል። ጥያቄው በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የቀረበ ስለሆነ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ እንዲደርሰን እናሳስባለን።»

አንድም «እባካችሁ» የለበትም፤ አንድም ስድብ የለበትም። አምስቱም ጥያቄዎች በቁጥር ወይም በቀን የሚመለሱ ናቸው። መልሱ ከነሱ ዶሴ ውስጥ ስላለ «አናውቅም» ለማለት አይመችም።

አራተኛውን ጥያቄ ያስገባልን ኮንስትራክሽን ላይ የሚሠራ የጎረቤታችን ልጅ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሥራ ተቋራጩ ወይም ማኅበሩ ጨርሻለሁ ሲል ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል። ከዚያ ጀምሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት፣ የሚታየውን ጉድለት በራሱ ወጪ ማረም አለበት፤ ከክፍያውም ላይ መያዣ የሚሆን ገንዘብ ይቀመጥበታል። ዓመቱ ሲሞላ የመጨረሻው ርክክብ ይሆንና መያዣው ይለቀቃል። ስለዚህ የተሰነጠቀ ግንብ፣ የጎደለ ክዳን፣ ውሃ የማይወስድ ተዳፋት ካያችሁ ከመጨረሻው ርክክብ በፊት በጽሑፍ አስታውቁ። አንድ ቀን ካለፈ ያው ጥገና ከሕዝብ ገንዘብ ነው የሚወጣው።

መጠኑን ራሳችሁ ለኩት። እኛ ከልብስ ሰፊው የተዋስነው ሜትር አልበቃ ብሎን፣ አሥር ሜትር ገመድ ቆርጠን በሱ ለካን። ሁለት ልጆች ገመዱን ያዙ፣ እኔ ጻፍሁ። በየሃያ ሜትሩ ጥልቀቱን መዘገብን፤ ፎቶው ላይ ቀኑ እንዲታይ የዕለቱን ጋዜጣ አጠገቡ አስቀመጥን። የጨረታ ማስታወቂያ ፈልጉ፤ የክልሉ በኲር ጋዜጣ ላይ የከተሞቻችን ጨረታዎች ይወጣሉ፤ የሥራው ዓይነትና ቦታው እዚያ ላይ ይገኛል።

ቁጥር ሳትይዙ ከመዝገብ ቤት አትውጡ

ደብዳቤውን ይዤ የገባሁ ጊዜ መዝገብ ቤት ያገኘሁት አምስተኛ ክፍል ያስተማርሁትን ልጅ ነው። ተነሥቶ ሳመኝ። «ቲቸር፣ አንቺ ለምን ትደክሚያለሽ? ወረቀቱን ተይልኝ፣ እኔ ራሴ ለኃላፊው እነግራቸዋለሁ» አለኝ። ከልቡ ነው፤ ክብር ነው የሰጠኝ። ትቼለት ወጣሁ። ከአንድ ወር በኋላ ልጁ ተዛውሯል፣ ወረቀቱ የለም፣ ገባ የሚል መዝገብም የለም። በትውውቅ የሄደ ጉዳይ ቁጥር የለውም፤ ያስገባው ሰው ሲነሣ አብሮት ይነሣል።

ከዚያ በኋላ እንዲህ አደረግን። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይሄዳል። አንዱ ገቢ ይሆናል፤ ሁለተኛው ላይ ገቢ ቁጥሩ፣ ቀኑና የተቀበለው ሰው ፊርማ ሰፍሮበት ወደ እኛ ይመለሳል። የሚያውቁኝ ልጆች «እምነት የለሽም እንዴ?» ሲሉኝ «ቅሬው ይጠይቀኛል፣ ለነሱ ላሳይ ነው» እላለሁ፤ እውነትም ነው። ኃላፊው ደብዳቤው ላይ ለየትኛው ክፍል እንደመሩት ጠይቁና ጻፉት። በየቢሮው ግድግዳ የዜጎች ቻርተር የሚባል ሰሌዳ አለ፤ እያንዳንዱ አገልግሎት በስንት ቀን እንደሚሰጥ የጻፉት ራሳቸው ናቸው። በስልካችሁ አንሡት፤ በቀጣዩ ደብዳቤ «በቻርተራችሁ መሠረት» ብላችሁ ጥቀሱት።

አንድ ደብተር ይኑራችሁ። ቀን፣ የሄደው ሰው፣ ያነጋገረው ሰው የሥራ መደብ፣ የተባለው ነገር፣ የተሰጠው ቀጠሮ። የቃል መልስ የሰጣችሁን ሰው ቢሮው ሳላችሁ ደብተሩን ከፍታችሁ «እንዲህ ብለውኛል፣ ልክ ጽፌያለሁ?» በሉት። በአክብሮት ከሆነ ማንም አይቆጣም። ቃሉን ግን ያስተካክላል፤ «በቅርቡ» ያለው «እስከ ጥር 15» ይሆናል።

ስለ ቅጂ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል። ጥቅምት 2014 ማለቂያ ላይ ከተማችን በጦርነቱ ተያዘች፤ ኅዳር ማለቂያ ላይ እስክትለቀቅ ድረስ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል። ያኔ ሁለተኛው ደብዳቤያችን መልስ አግኝቶ፣ ውሉ ታውቆ፣ የሚቀጥልበት ቀን ተወስኖ ነበር። ስንመለስ ቢሮው ውስጥ ኮምፒውተርም ዶሴም የለም። እኔ ፋይላችንን በፌስታል ጠቅልዬ ከጤፍ ጆንያው ሥር ቀብሬው ነበርና አወጣሁት። አሥራ ሰባት ወረቀት ነው። መሐንዲሱ ወስዶ ኮፒ አደረገው፤ የቢሮው አዲስ ዶሴ የኛ ቅጂ ሆነ። የሕንፃቸው መስኮት ገና መስታወት ሳይገባለት የኛ ቦይ ጉዳይ ከነበረበት ቀጠለ። ሁለት ቤት፣ ሁለት የተለያየ ሰፈር አስቀምጡት፤ በስልክም አንሥታችሁ ውጭ ላለ ልጃችሁ ላኩ።

ምክር ቤቱና ስብሰባው

የከተማ ምክር ቤት አባላት ሰፈራችን ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቻችን ግን መመረጣቸውንም ረስተናል። የምንረሳበት ምክንያት አለ። ለአካባቢ ምክር ቤቶች በአገር ደረጃ ምርጫ የተካሄደው ሚያዝያ 2005 ነው፤ በ2010 መሆን የነበረበት ተራዘመ፤ በ2013 አገራዊው ምርጫ ሲካሄድም ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ በቀር የከተማ ምክር ቤት አልተመረጠም። ያልሠራን ሰው በድምፅ ማንሣት ለእኛ ይህን ያህል ዓመት የተዘጋ በር ነበር። በደብዳቤ፣ በቁጥርና በቀን መጠየቅ ላይ እንዲህ የምከራከረው ለዚህ ነው፤ በእጃችን ያለው እሱ ነው።

የኛ ተመራጭ ከላይ መንገድ ሱቅ ያላቸው ሰው ናቸው። ረጅም ስሞታ ይዘን አልሄድንም። አንድ ገጽ ላይ ሦስት ጥያቄ ጽፈን፣ የመልሱን ቅጂ አያይዘን፣ ጉባኤው ከመድረሱ ሁለት ሳምንት በፊት ሰጠናቸው። ከሦስቱ አንዱን ጠየቁልን። ያ አንዱ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ፤ ከዚያ በኋላ በጻፍነው ደብዳቤ ሁሉ «በምክር ቤቱ ጉባኤ በተነሣው መሠረት» ብለን ጀመርን። ለአፈ ጉባኤው ቢሮ አስቀድመን አስታውቀን ሁለታችን በታዛቢነት ገብተንም ተቀምጠናል። ዝም ብሎ መቀመጥም ይሠራል፤ የሚናገሩት ሰዎች ማን እንደተቀመጠ ያያሉ።

የሕዝብ ውይይት ሲጠራ ደግሞ ተከፋፈሉ። ድሮ አምስት ሽማግሌ ተነሥተው፣ መርቀው፣ አመስግነው፣ ከመብራት እስከ ጤፍ ዋጋ ሁሉንም አንሥተው ይቀመጡ ነበር፤ መድረኩም ሁሉንም «ተቀብለናል» ብሎ ይዘጋ ነበር። እኛ ሦስት ሰው ብቻ ተናገርን። ያቺ አራስ ሌሊቱን ተናገረች፣ ከሁለት ደቂቃ አልበለጠችም። አንድ አባት ተነሥተው «ቦዩ በየትኛው ቀን ያልቃል?» ብለው ብቻ ተቀመጡ። እኔ ደግሞ መልሱን ጽፌ፣ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ጠየቅሁ። ሌላ ጥያቄ ያላቸው ጎረቤቶቻችን ያን ዕለት ዝም አሉልን፤ የእነሱ ተራ በሚቀጥለው መሆኑን ቅሬው ላይ ተስማምተን ነበርና።

ቅሬውን ያለ ምክንያት አላነሣሁትም። ፊርማ ያሰባሰብነው ቅሬ በተሰበሰብንበት ቀን ነው። እኛ ጋ ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል፤ ወረቀቱ ላይ የሼሁም የመሪጌታውም ፊርማ አለ። ይህን የያዘ ደብዳቤ የአንድ ወገን ጩኸት ነው ተብሎ አይገፋም። የኮፒና የታክሲ ወጪም ከቅሬው ሣጥን ወጣ፣ በየወሩም ተመረመረ። ከሌላው ሒሳብ የሚጠይቅ ሰፈር የራሱን ሒሳብ ጥርት አድርጎ መያዝ አለበት።

መልስ ሲጠፋ

ሠላሳው ቀን ሲያልፍ ያንኑ ደብዳቤ አትድገሙት። የመጀመሪያውን ገቢ ቁጥርና ቀን ጠቅሳችሁ በግማሽ ገጽ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ጻፉ። ቀጥሎ የከንቲባው ጽሕፈት ቤት፣ ቀጥሎ ቅሬታ ሰሚው፣ ከዚያ የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ። ከዚህም ካላገኛችሁ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመ ነው፤ ለአቤቱታ ክፍያ አይጠይቅም፤ ባሕር ዳር ላይ ቅርንጫፍ አለው። እንደ ፍርድ ቤት አይፈርድም፤ መርምሮ የመፍትሔ ሐሳብ ይሰጣል። መንገዱ ሩቅ ከሆነባችሁ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ላኩና ደረሰኙን ደብተሩ ላይ ለጥፉ። ገና በመጀመሪያው ደብዳቤ ለሁሉም ግልባጭ አትበትኑ። ያልተጠየቀን ሰው ለአለቃው መክሰስ ይሆንና ቢሮው መልስ መፈለጉን ትቶ ራሱን መከላከል ይጀምራል።

«ተበላ» የሚለውን ቃል ደግሞ ከአፋችሁም ከወረቀታችሁም አርቁ። ቦዩ ሲቆም ሰፈሩ ሁሉ ይህን ነበር የሚለው። መልሱ ሲመጣ ገንዘቡ አልተበላም ነበር፤ የሲሚንቶ ዋጋ ሲንር የያዘው ማኅበር ሥራውን ጥሎ ሄዶ፣ መሥሪያ ቤቱ ውሉን ሳያፈርስና ለሌላ ሳይሰጥ ዓመት ከመንፈቅ ተኝቶበት ነው። ጥፋት ነው፣ ከባድ ጥፋት ነው፤ ስርቆት ግን አይደለም። ሌባ ብለን ጀምረን ቢሆን መሐንዲሱ ዶሴውን አይከፍትልንም ነበር። ማስረጃ በእጃችሁ ካለ መንገዱ የክልሉ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ነው፤ ከሌለ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፦ «140 ሜትር ተሠርቷል፣ ቀሪው አልተሠራም።»

የሠራ ሰው ሲገኝም ጻፉለት። ቦዩ የካቲት 2015 ሲያልቅ ለመሐንዲሱ የምስጋና ደብዳቤ አስገባን፣ ለአለቃው ግልባጭ አድርገን፣ በገቢ ቁጥር። ክረምት ላይ ውሃው በደጃችን እየጮኸ አለፈ እንጂ አንድም ቤት አልገባም። ያቺ የያኔዋ አራስ ልጇን ክዳኑ ላይ አቁማ ውሃውን ታሳየው ነበር።

የመጨረሻው ርክክብ መጪው የካቲት ነው። ከድልድዩ በላይ ሦስት ክዳን ተሰንጥቋል፣ አንድ ቦታ ላይ ግንቡ ሆዱን ነፍቷል። ጥር 5 ቅሬው ሲበተን ገመዱን ይዘን ከላይ እስከ ታች እንሄዳለን፤ ደብዳቤው በማግስቱ በሁለት ቅጂ ይገባል።